ጃዝ የማን ነው? ሰንበት ከወጣ በኋላ የተደረገ ክርክር
(በማኅበረሰብ ሬዲዮ የአማርኛ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

በቅርያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ የምትገኙ፣ በተለይም በቅርቡ ወደዚህ አገር የገባችሁ ቤተሰቦች፣ የዛሬው ንግግሬ ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ኩፓት ሆሊም አይደለም። ስለ ሙዚቃ ነው። «ገና ቤት ሳንይዝ ስለ ሙዚቃ?» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ልጆቻችሁን የሚነካ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እዚህ አገር በምንቆጥርበት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት የቅርያት ማላኪ እናት ስልክ ደወሉልኝ። ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። የ13 ዓመት ልጃቸው በትምህርት ቤቱ የመዝሙር ቡድን ውስጥ ለመግባት ተፈትኖ ሳይቀበሉት ቀሩ። የተሰጠው ምክንያት «ድምፁ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ዜማውን ያጣምመዋል» የሚል ነበር። ልጁ ያዜመው ከአያቱ የሰማውን የአንቺሆዬ ዜማ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋሽንቱን ሻንጣ ውስጥ ከቶ ዘጋበት። አባትየው ደግሞ «እንኳን ተወው፤ አዝማሪ ሊሆን ነው እንዴ? ሒሳቡን ያጥና» አሉ። እናት የጠየቁኝ እንዲህ ብለው ነው፦ «የእኛ ዜማ እውነት የተጣመመ ነው ወይ? ከሆነስ ልጁን ዝም ላሰኘው?»

በስልክ የሰጠሁት መልስ እኔንም አላጠገበኝም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዤ ወደ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ ሄድሁ።

ሰንበት ከወጣ በኋላ ቅርያት ማላኪ በሚኖር አንድ ወዳጃችን ቤት የምንሰበሰብ ጥቂት የጃዝ ወዳጆች አለን። ቅዳሜ አውቶቡስ የሚነሣው ከመሸ በኋላ ስለሆነ የያቭኔዎቹ ሁልጊዜ ዘግይተው ይደርሳሉ፤ አቦል አልፏቸው ቶና ላይ ይደርሳሉ እያልን እንቀልዳለን። ደንባችን አጭር ነው። አንድ ሰው አንድ ዜማ ብቻ ያመጣል፤ በሸክላም ይሁን፣ በካሴትም ይሁን፣ በስልክም ይሁን ግድ የለም። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይናገርም። ይህን ደንብ ያወጣው ባለቤቱ ነው፤ መጀመሪያ የሚያፈርሰውም እሱ ነው።

ጃዝ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካን አገር በደቡብ በኩል፣ ኒው ኦርሊንስ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ከባርነት የወጡ የጥቁሮች ልጆች ያወጡት ሙዚቃ ነው። ተጫዋቾቹ አንድ የታወቀ ዜማ ይይዙና ከዚያ እያንዳንዱ ተራ በተራ የራሱን ይጨምርበታል። የሚጨምረው ነገር አስቀድሞ የተጻፈ አይደለም። አዝማሪ ሰርግ ቤት ውስጥ የሙሽራውን አጎት አይቶ ግጥሙን እዚያው እንደሚያወጣው፣ የጃዝ ተጫዋችም ዜማውን እዚያው ይፈጥረዋል። የሚገርመው፣ በ1917 «ጃዝ» ተብሎ የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው ቡድን የነጮች ቡድን ነበር። የማን ነው የሚለው ክርክር የተጀመረው ያኔውኑ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ማታ መጀመሪያ ያስደመጡን የያቭኔው ጋሼ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሠርተዋል። ያመጡት የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ነበር። ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለደ፤ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ሥራ ጀመረ፣ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። ይህ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ሽለላንና ፉከራን ወስዶ በሳክስፎን አስጮኸው። ድሮ ጎራዴውን መዝዞ «ዘራፍ!» የሚለው ሰው ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ድምፁ ሲሻክር፣ ቃሉን ሲደራርብ የምታውቁትን ያህል፣ ያ ሁሉ በዚያ በናስ ቱቦ ውስጥ ይሰማል። በ1972 ባሳተመው ሸክላ ላይ የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ተብሏል። የውጭ አገር ሰዎች ሲሰሙት፣ እነ ኦርኔት ኮልማን በ1959 እና በ1960 አሜሪካን አገር ካወጡት ነጻ ጃዝ ከሚባለው ጋር አመሳሰሉት። በ2006 ሆላንዶች «ዘ ኤክስ» የሚባል የሮክ ቡድናቸውን ይዘው አብረውት «ሞአ አንበሳ» የሚል ሥራ አወጡ። ጌታቸው በ2016 አረፈ።

ዜማው እንዳለቀ ጋሼ ጉልበታቸውን መታ አድርገው፣ «ይኸው! አሜሪካኖች ጃዝ የሚሉት የእኛው ፉከራ ነው። ከእኛ ነው የወሰዱት» አሉ።

ከገደራ የምትመጣ አንዲት ወጣት ነርስ አለች። በሕፃንነቷ የመጣች ናት፤ አማርኛዋ መሐል ዕብራይስጥ ይገባበታል፣ ሐሳቧ ግን ቀጥ ያለ ነው። «ይቅርታ ጋሼ፣» አለች፣ «ኦርኔት ኮልማን ሽለላ የት ሰማ? ጎንደር መጥቶ ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ክርክሩ ግን ከዚያ በኋላ የምር ሆነ፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆየ።

የነርሷ ክርክር ይህ ነው። ወደ አሜሪካን በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን አብዛኞቹ የተወሰዱት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ፣ ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ካለው የባሕር ጠረፍ ነው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኮንጎ አደባባይ የሚባል ቦታ አለ፤ የቦታው ስም ራሱ ይናገራል። በ1817 የከተማው አስተዳደር ባሪያዎች መሰብሰብ የሚችሉት እሑድ ቀን፣ በተፈቀደ አንድ ቦታ ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። እዚያ ከበሮ ይመቱ፣ ይጨፍሩ ነበር። ከዚያ ከበሮ ላይ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ የእርሻ ላይ እንጉርጉሮና የወታደር ማርሽ ባንድ ሲጨመርበት ጃዝ ተወለደ። «በዚያ አደባባይ የእኛ ሰው አልነበረም፣» አለች። «የሌሎችን ልጅ የእኛ ነው ብንል፣ ደርሰው የእኛን የራሳቸው ሲሉ በምን አፋችን እንናገራለን?»

ጋሼ እጅ አልሰጡም። ሙላቱ አስታጥቄን ጠሩ። ሙላቱ በየመድረኩ እንደሚናገረው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ዋሽንቶቻቸው የሚጫወቱት ቅኝት፣ በኋላ እነ ቻርሊ ፓርከር በጃዝ ውስጥ ከተራቀቁበት ቅኝት ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ አፍሪካ ለዓለም ሙዚቃ ያበረከተችው ከበሮ ብቻ አይደለም ነው የሚለው። ጋሼ «ይህስ?» ብለው ጠየቁ።

እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። በታሪኩ ልጅቷ ትክክል ናት፤ ኢትዮጵያ የጃዝ እናት አይደለችም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቅኝት ስለተጫወቱ አንዱ ከሌላው ወሰደ አይባልም። የሙላቱ ነገር ግን ሌላ ቁም ነገር አለው። የገጠር ዋሽንት ነፊ የሚያውቀው ነገር ዕውቀት ነው፣ ሳይንስ ነው ብሎ መናገሩ ነው። ያችን እናት የሚመለከታቸውም ይኸኛው ነው።

አሜሪካን አገር ያሉት ጥቁሮች ደግሞ ኢትዮጵያን በሌላ መንገድ ያውቋት ነበር። በ1935 ጣሊያን ሲወርር ሃርለም በሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ፤ ጆን ሮቢንሰን የሚባል የቺካጎ ጥቁር አብራሪም ለኢትዮጵያ ሊበር አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ደማቸው ከእኛ ባይሆንም ልባቸው ነበር።

ተራው የእኔ ሲሆን ሁለት ዜማ አስደመጥሁ። ደንቡን አፍርሻለሁ፣ ግን ለክርክሩ ያስፈልግ ነበር። አንደኛው የሙላቱ «የከርሞ ሰው» ነው። ሁለተኛው ሆሬስ ሲልቨር የሚባል አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋች ለአባቱ መታሰቢያ ያደረገው ዜማ ነው። አባቱ ኬፕ ቨርዴ ከሚባሉት የአፍሪካ ደሴቶች ወደ አሜሪካን የሄደ ስደተኛ ነበር። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፤ የባሱ አረማመድ ወንድማማች ነው። ከአፍሪካ ደሴት የወጣ የአባት ትዝታ በልጁ ፒያኖ አሜሪካን ያድራል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በእኛ ቅኝት ሌላ ሰው ይሆናል። የያቭኔው ጋሼ እንኳ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ።

ስለ ሙላቱ ለወላጆች የምነግረው አንድ ነገር አለ። በ1943 ጅማ ተወለደ። ወደ ብሪታንያ የተላከው የአውሮፕላን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ አስተማሪዎቹ ጆሮውን አዩና ወደ ሙዚቃ ገፉት። ከለንደን ወደ ቦስተን ተሻገረ፤ ቤርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን አሳተመ። የራሱን መንገድ «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ ሰየመው። ችግሩ ምን ነበር? የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ የፈረንጁ ፒያኖ ደግሞ በአንድ ዙር አሥራ ሁለት ድምፅ አለው። በአምስቱ ላይ የፈረንጁን አጃቢ ድምፆች እንደልብ ብትከምሩበት ቅኝቱ ታፍኖ ይሞታል። የእሱ ሙያ አጃቢውን ከስር እየመረጠ አስገብቶ አምስቱ ከላይ በግልጥ እንዲሰሙ ማድረግ ነው። ወጡን ሳያበላሹ ቅመም እንደመጨመር ቁጠሩት።

በ1973 ዱክ ኤሊንግተን፣ የጃዝ ታላቁ ሰው፣ አዲስ አበባ መጣ። ሲያስተናግደውና ሲያዞረው የነበረው ሙላቱ ነው። ጃንሆይ ኒሻን ሸለሙት። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ኤሊንግተን ሞተ፤ በመስከረም ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ከዚያ የሰዓት እላፊው መጣና የሌሊቱ ሙዚቃ ዓመታት ሙሉ ተዘጋ። አምሃ እሸቴ በ1969 የመንግሥትን ሞኖፖል ተጋፍቶ በአለማየሁ እሸቴ ሸክላ የጀመረው የሸክላ ማሳተም ሥራም በዚያው ቆመ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እነዚያን ሸክላዎች ባያሳትማቸው ኖሮ፣ ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የሚያገኙት ብዙው ነገር ተረስቶ ይቀር ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም ልውሰዳችሁ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በ1924 ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ያደጉ፣ ወላጆቻቸው ያለቁባቸው አርባ ልጆች የናስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚያ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለቲያትር ቤቱና ለሌሎች ኦርኬስትራዎች ብዙ ተጫዋቾችን አሠለጠነ። የጌታቸው ሳክስፎን በአንድ በኩል የይፋት ፉከራ ነው፤ በሌላ በኩል ከዚህ አገር፣ ከኢየሩሳሌም የተነሣ የናስ ባንድ የልጅ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ በ1963 ነው። ሲምሐ አሮም የሚባል በኢየሩሳሌም ኦርኬስትራ ውስጥ ቀንደ መለከት የሚነፋ ሰው፣ የናስ ባንድ እንዲያቋቁም ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ተላከ። እዚያ ጫካ ውስጥ የሚኖሩትን አጫጭር ሰዎች ዘፈን ሰማና ባንዱን ትቶ ዕድሜውን ለዚያ ሰጠ። ሰዎቹ አንዲት አንድ ድምፅ ብቻ የምታወጣ ፉጨት ይነፋሉ፤ ሌላውን ድምፅ በአፋቸው ይመልሱላታል፤ ንፊት፣ ድምፅ፣ ንፊት፣ ድምፅ፣ እንዲያ እየተቀባበለ ዜማ ይሆናል። አሮም ይህን ቀድቶ በ1966 በሸክላ ወጣ። በ1973 ኸርቢ ሃንኮክ የሚባለው ታላቅ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች «ሄድ ሃንተርስ» የተባለውን ሸክላ ሲቀዳ፣ የከበሮ ተጫዋቹ ቢል ሰመርስ የዚያን ፉጨት ዘዴ በቢራ ጠርሙስ እየነፋ «ዋተርሜሎን ማን» የሚለውን ዜማ ከፈተበት። ጃዝ ከአፍሪካ መቅዳቱን ሰነድ ይዘን ማሳየት የምንችለው እዚህ ላይ ነው። ሰነዱም በኢየሩሳሌም ሰው እጅ የተቀዳ ነው። ይኸው አሮም በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የቄሶቻችንን የጸሎት ዜማ፣ ከነጋሪቱና ከቃጭሉ፣ ቀድቶ አጥንቷል። ሊቅ የተባለ ሰው ዓመታት ያጠናውን ዜማ እኛ «የኋላ ቀር ነው» ብለን ከልጆቻችን የምንደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የቤቱ ባለቤት ሁልጊዜ የሚያስደምጠን ሉዊ አርምስትሮንግን ነው፤ በየሳምንቱ ያንኑ። ሰልችቶናል ብንለውም አይሰማም። በዚያ ማታ ግን አንድ ታሪክ ጨመረበት። አርምስትሮንግ በ1901 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በድህነት ተወለደ። በልጅነቱ ካርኖፍስኪ ለሚባሉ ከሊቱዌንያ ለተሰደዱ አይሁዶች በጋሪ ይሠራ ነበር፤ ከማዕዳቸውም ይበላ ነበር። የመጀመሪያ መለከቱን የገዛው እነሱ አስቀድመው በሰጡት ገንዘብ ነው። ዕድሜውን ሁሉ የዳዊትን ኮከብ አንገቱ ላይ አደረገ። ይህን ታሪክ የጻፈው በ1969 ኒው ዮርክ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። የሆስፒታሉ ስም ምን ይመስላችኋል? ቤተ እስራኤል! ባለቤቱ ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኛም ከዚያ ወዲያ «ሰልችቶናል» ማለቱን ትተናል።

ነርሷ ያመጣችው አስቴር ራዳን ነበር። አስቴር በ1985 ቅርያት አርባ ውስጥ ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች ተወለደች፤ በ2013 ባወጣችው ሥራ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነዬ» በራሷ አቀራረብ ዘፈነች፣ በ2015 ደግሞ የጥቁር አሜሪካዊቷን የኒና ሲሞንን ዘፈኖች። በ1999 የመጣው ሳክስፎን ነፊ አባተ ባሪሁንም ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ ይዲድ ጋር «ራስ ደሸን» ብለው የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አጣምረዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ አልዘረዝረውም። በ2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ የኖሩ ናቸው። ጃዝ ነው፣ አይደለም እያልን ሦስት ቅዳሜ ተከራክረን አልተስማማንም።

ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ። የለም እመቤቴ፣ ዜማው አልተጣመመም። አንቺሆዬን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ይሆናል። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ይጠጋጋሉ፤ በመሐላቸው ሰፊ ዝላይ አለ። በፈረንጅ ቅኝት ብቻ ያደገ ጆሮ ይህን ሲሰማ «ስቷል» ይላል። ልጁ ግን አልሳተም፤ አስቸጋሪውን ቅኝት በትክክል ይዞታል። ልጆቻችሁ ፒያኖ ካገኙ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ይንኩ፤ ከሁለቱ ሳይሆን ከሦስቱ ጥቁሮች በመጀመሪያው ቢነሡ አምስቱ ድምፅ ትዝታ ይሆንላቸዋል። አስተማሪያቸው ዘንድ ሄደው ያሳዩአቸው።

በዚህ ላይ ግን እኛም አልተስማማንም። ጋሼ «ልጁ ከዚያ መዝሙር ቡድን ደጃፍ አይድረስ» አሉ። ነርሷ «ሁለቱንም ይማር» አለች፤ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። አርባ ልጅ አብሮ ሲዘምር አንድ ቅኝት መያዝ ግድ ነው። ጥፋቱ ልጁን «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አለመኖሩ ነው። አባትየውንም አልወቅስም። በሙዚቃ እንጀራ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ እውነቱን መደበቅ አይገባም። ሒሳቡን ያጥና፤ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ዋሽንት ቢነፋ ሒሳቡ አይሸሽም። በማትናስ የሙዚቃ ትምህርት እንዳለና ለአዲስ ገቢዎች ቅናሽ እንደሚደረግ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጁን ሳይሆን የሚያስተረጉምላችሁን ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ዋሽንቱን አላመጣም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። የሃንኮክ ጠርሙስ ሲደርስ ብቻ ሳቀና «ይህን እኔም እችላለሁ» አለ። የባለቤቱ ሚስት ከወጥ ቤት ባዶ ጠርሙስ ሰብስበው አመጡለት። ውኃውን ከፍ ዝቅ እያደረገ አራት ድምፅ አወጣ። አምስተኛው አልስማማ ብሎ ሲያስቸግር ጋሼ ጠርሙሱን ተቀብለው ሁለት ጉንጭ ጠጡና መለሱለት። ልክ መጣ። የምን ቅኝት እንደሆነ ላይ እንደገና ክርክር ተነሣ፤ ሲነጋጋ ነው የተለያየነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ከአገር ቤት ይዛችሁ የመጣችሁት ካሴት ካለ አትጣሉት። መኪና ውስጥና ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታኑሩት፤ የዚህ አገር ሙቀት ክሩን ያጣብቀዋል። ለረጅም ጊዜ ሳይሰማ ከቆየ ቶሎ ወደ ማጫወቻ አትክተቱት፤ መጀመሪያ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ላዩ ላይ የዘፋኙ ስም ከሌለ የምታስታውሱትን በወረቀት ጽፋችሁ ከውስጡ አድርጉ። የአያታችሁ፣ የቄሱ፣ የሰርግ ቤት አዝማሪ ድምፅ የተቀዳበት ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ እሱን አምጡልን፤ ወደ ስልክ የምናዛውርበት መሣሪያ የያቭኔው ጋሼ ቤት አለ፣ ገንዘብም አንጠይቅም። ሰላም ሰንብቱ።